ያልተፈታው ስልቻ

በድርቁ ዓመት ዳባት የማስተምርበት ትምህርት ቤት ተዘጋና እኛን መምህራኑን ደባርቅ ለተፈናቃዮች ወደተከፈተው መጠለያ መደቡን። የእኔ ሥራ ራሽን የሚሰጣቸውን ሰዎች መመዝገብ ነበር። ያኔ ግልፍተኛ ነበርኩ፤ ደንብ ካሉኝ ደግሞ ዓይኔን አላሽም። ደንቡ እህል ይዞ የመጣ ሰው አይመዘገብም ይል ነበር።

አንድ ጠዋት ከበየዳ የአንድ አጥቢያ ሰዎች መጡ። መሬታቸው ሁለት ዓመት ሙሉ እሸት አላሳያቸውም። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ስልቻ አዝለዋል፤ ባለቤታቸው የሳቸውን ክንድ ካልያዙ መቆም አይችሉም። ስልቻውን በጣቴ ጫን ባደርገው እህል ነው። ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ የገብስ ዘር መሆኑንና እንደማይበላ ሳይደብቁ ነገሩኝ። ሰው እየሞተ የማይበላ እህል አላውቅም ብዬ ከሰልፉ አስወጣኋቸው። አልተከራከሩኝም፤ ባለቤታቸውን ደግፈው አጥሩ ሥር ተቀመጡ። እስከ ማታ ርሃቡ ስልቻውን ያስፈታቸዋል ብዬ ነበር።

በሦስተኛው ቀንም አልተፈታም። ይልቅስ የአጥቢያቸው ሰዎች ስንዴያቸውን ተቀብለው በዚያ ሲያልፉ፣ ከራሽናቸው ትንሽ ትንሽ እየዘገኑ በሽማግሌው ጋቢ ጫፍ ላይ ያስቀምጣሉ። ደሜ ፈላ። የሌለው ላለው ይሰጣል እንዴ? ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት አስቆምኩና ስንዴው ለልጇ እንኳን እንደማይበቃ እያወቀች፣ እህል ላለው ሰው ለምን እንደምትሰጥ ጠየቅኋት። ትምህርት እንደማይገባው ተማሪ አየችኝ።

«ስልቻውማ የሁላችን ነው፣ መምህር» አለች። «ከየቤታችን የቀረችውን ዘር አዋጥተን እሳቸው ዘንድ አስቀመጥን። በኛ እጅ ቢሆን ልጅ ሲያለቅስብን እንፈታዋለን። እሳቸው ግን ቢሞቱም አይፈቱትም።»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩትን እንዴት እንደምለቅመው ጠፋኝ። አፈርኩ። እንዲህ ያለ ሰው አጥር ሥር አስቀምጬ ሦስት ቀን በልቼ አድሬያለሁ። አለቃዬ ከተቆጣ ይቆጣ ብዬ ሁለቱንም ያኔውኑ መዘገብኳቸውና ይቅርታ ጠየቅሁ።

«ምን አጠፋህ ልጄ» አሉኝ ሽማግሌው። «አንተም የታዘዝከውን ነው የጠበቅኸው፤ እኔም አደራዬን።»

በመጋቢት መጠለያው ውስጥ ተስቦ ገባ። ባለቤታቸው ታመው ተረፉ፤ እሳቸው ግን አልተነሱም። ስልቻውን እንደተንተራሱ ነው የሞቱት። ያ ሦስት ቀን ባይጎድልባቸው ይተርፉ ነበር ይሆን እያልኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

ግንቦት ላይ ሰማዩ ሲጠቁር ሰዎቹ ለመዝራት ወደ አገራቸው ተነሱ። ስልቻውን ያዘሉት የሟቹ ባለቤት ነበሩ። መንገዳቸው ላይ እስካለው ቡይት ራስ ድረስ ልሸከምልዎ ብዬ ለመንኳቸው። ትንሽ አሰቡና አውርደው ሰጡኝ፤ ቋጠሮውን እንዳልነካ ብቻ አስጠነቀቁኝ። ክብደቱን ያወቅሁት ጀርባዬ ላይ ሳደርገው ነው። ለዚያ ሁሉ ቤት የሚዘራው ገብስ ሁለት ቁና እንኳን አይሞላም ነበር።