ክዳኑ ተከፍቶ የተመረቁ እንቁላሎች

እንቁላል ለምን እንደማይፈለፈል የማያውቅ ሰው ቡታጅራ ውስጥ የለም። ባለሱቁ ያውቃል፣ ጎረቤት ያውቃል፣ አዲስ አበባ ሆኖ ስልክ የሚደውለው ዘመድ ደግሞ ከሁሉም አብልጦ ያውቃል። የማታውቀው ከማስፈልፈያው ሣጥን አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ ሙቀት ስትለካ የምትከርመው ሴትዮ ብቻ ናት፤ እሷም እኔ ነኝ።

ነገሩ የመጣው አባቴ ካረፈ በኋላ ነው። እሱን ሳስታምም ዕድሜዬ ሄደ፤ ሳላገባ፣ ሳልወልድ፣ እሱ በሠራው ቤት ብቻዬን ቀረሁ። መርካቶ ሱቅ ያለው ታላቅ ወንድሜ ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ አንድ ዘፈን ያዘ። «ብቻሽን ምን ታደርጊያለሽ? እኔ ዘንድ ነይና ልጆቹን እያየሽ ተቀመጪ። ቤቱን እናከራየዋለን።» እያየሽ ተቀመጪ ማለት እያጠብሽ፣ እየቀቀልሽ፣ ጎህ ሲቀድ እየተነሳሽ ማለት እንደሆነ ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት።

«ወንድምጋሼ፣ ጫጩት አስፈልፍዬ እየሸጥኩ እዚሁ እኖራለሁ» አልኩት።

ስልኩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከዚያ «ለመስቀል ስመጣ ሽማግሎቹ ባሉበት እንቆርጠዋለን» አለ። እንግዲህ ቤቴ ውስጥ መኖር አለመኖሬ በእንቁላል ላይ ተንጠለጠለ።

ሣጥኑን አንድ አናጺ ሠራልኝ። ውስጡ አምፖል፣ ማራገቢያ፣ ሙቀት መቆጣጠሪያ አለው፤ ከሥር የውሃ ሳሕን፣ ከፊት ትንሽ መስታወት። የመጀመሪያዎቹን እንቁላሎች ከሱቅ ገዛሁ። ከሳምንት በኋላ ጨለማ ክፍል ገብቼ በስልክ መብራት አንድ በአንድ ባያቸው ውስጣቸው ባዶ ነው፤ ብርሃኑ ወዲያ ማዶ ያልፋል። የሱቅ እንቁላል የሚመጣው ዕድሜ ልካቸውን አውራ ዶሮ አይተው ከማያውቁ የእርባታ ዶሮዎች ነው። ይህን ለጎረቤቴ ባስረዳት ጭንቅላቷን ነቀነቀችና «ዓይን ነው፤ ማሽኑን በነጠላ ሸፍኚው» አለችኝ። አባት የሌለውን እንቁላል ቡዳ ምን ያደርገዋል? ደግሞስ ሣጥኑ የተበሳው አየር እንዲገባ ነው፤ በነጠላ አፍኜ ልግደላቸው?

ለሁለተኛው ዙር አውራ ዶሮ ካለበት ግቢ ለማምጣት ቆሼ ከተማ ድረስ ወረድኩ። እንቁላሉን እቅፌ ይዤ በሚኒባስ እየተንገጫገጭኩ ተመለስኩና ሳላሳርፍ ሣጥኑ ውስጥ ደረደርኩት። በዚያ ላይ መብራት ይጠፋ ነበር፤ ሲጠፋ ሣጥኑ ይቀዘቅዛል። በስልክ መብራት ሳይ ነፍስ መዝራት ጀምረው ነበር፤ ግን ደሙ እንደ ቀለበት ክብ ሠርቶ ቆሟል፣ ሞተዋል። የመንገድ ጉዞ ያናወጠው እንቁላል ሹል ጎኑን ወደ ታች አድርጎ ማረፍ እንዳለበት የገባኝ ያኔ ነው። የወንድሜ ሚስት ደወለችና «ነጎድጓድ ነው የገደላቸው፤ እንቁላሉ ሥር ሚስማር አላስቀመጥሽም?» አለች። ዶሮ በሕይወት እንዳለች አይታ የማታውቅ ሴት ናት፤ የምታውቃት ተገነጣጥላ ወጥ ውስጥ ነው። «አላስቀመጥኩም» ብዬ ዘጋሁት።

ሦስተኛው ዙር ግን የኔ ነበር። እንቁላሎቹ ከጥሩ ግቢ መጡ፣ አረፉ፣ ሳይታጠቡ ገቡ። መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ እየሞላሁ ጎናቸው አቆምኩ። ጠዋት ማታ አገላበጥኳቸው። በስልክ መብራት ሳያቸው የደም ሥራቸው እንደ ዛፍ ሥር ተዘርግቷል፤ ቆይቶም ውስጣቸው ጠቆረ፣ ተንቀሳቀሱ። ሆን ብዬ የሚፈለፈሉበትን ቀን ከመስቀል ጋር አገጣጠምኩት፤ ወንድሜ ለሳቀው ሳቅ ጫጩቶቹ ራሳቸው ፊቱ ቆመው መልስ እንዲሰጡልኝ ፈለግሁ። የመጨረሻዎቹ ቀናት ሲደርሱ ማገላበጡን ተውኩ፣ ውሃውን ጨመርኩ፣ ክዳኑን በፕላስተር ለጠፍኩ። ያኔ እርጥበቱ መውጣት የለበትም፤ ከወጣ ቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን ይደርቅና ጫጩቱን ያጣብቀዋል። መስታወቱ ላብ አወጣ። ደስ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅኩ።

የመስቀል ዕለት ቤቱ ሞላ። ወንድሜ ከነመኪናው፣ ከነጫጫታው መጥቷል። የሰፈሩ ሽማግሎች ክትፎአቸውን በልተው፣ ጣታቸውን ጠራርገው ተደላድለዋል። ድንገት ከጓዳ ጩኸት ተሰማ። እንቁላል ውስጥ ሆነው እየጮሁ ነበር! ሮጬ በመስታወቱ ባይ አንዳንዶቹ ቅርፊቱን ሰንጥቀው የመንቁራቸው ጫፍ ይታያል። አለቀስኩ። አላፍርም፣ አለቀስኩ።

ወንድሜ ከኋላዬ መጣ። እስከ ትናንት «የአሻንጉሊት ቤት» ሲለው የነበረውን ሣጥን ሽማግሎቹ ፊት «የኛ ማሽን» አለው። ይህን ብሎ ቢበቃው ምን ነበረበት! «ኑ አባቶች፣ ጉድ እዩ» ብሎ ጠራቸውና ፕላስተሩን ልጦ ክዳኑን ብድግ አደረገው።

«ወንድምጋሼ፣ አይከፈትም! ይደርቃሉ!»

«ለአንድ አፍታ ነው፤ አትጨቅጭቂ።»

አንድ አፍታ የሚባል ነገር ደግሞ ሽማግሌ ባለበት የለም። ትልቁ ሽማግሌ እንቁላል ውስጥ ያለውን ጩኸት ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ እጃቸውን ዘረጉና መመረቅ ጀመሩ። «ያለውን ያብዛው!» አሜን። «የሄደውን ይመልሰው!» አሜን። «ይህን ቤት ዘር አያሳጣው!» አሜን። የሞተውን አባቴን አነሡ፣ ከብቱን አነሡ፣ ዝናቡን አነሡ፣ መንገደኛውን አነሡ። እኔ የማየው ከሣጥኑ እየወጣ የሚሄደውን እንፋሎት ነው። መስታወቱ ጥርት ብሎ ደረቀ።

ምርቃት አይቋረጥም። አቋርጣ ክዳን የገጠመች ሴት እርግማን ጠርታለች ይባላል፤ በዚያ ላይ በማግስቱ የሚፈርዱብኝ እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ መዳፌን ዘርግቼ ጫጩቶቼ ሲደርቁ አሜን እያልኩ ቆምኩ። አንደኛው ሲጨርሱ በዕድሜ የሚከተሉት ጀመሩ፤ ከፊተኛው ያነሰ መመረቅ ነውር ስለሆነ የእሳቸው ይብስ ረዘመ። በመጨረሻ ወንድሜም የቤቱ ትልቅ ነኝ ብሎ መረቀ። የሚለው ሲጠፋበት ስለ ንግድ መረቀ።

ክዳኑን ገጥሜ የፈላ ውሃ ጨመርኩ፣ የረጠበ ጨርቅ አስገባሁ። ጩኸቱ እየቀጠነ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ጸጥ ብሏል።

ቅርፊቱን በጥፍሬ እየላጥኩ በትሪ ላይ ደረደርኳቸው። ሁሉም ሙሉ ነበሩ፤ ላባ፣ ጥፍር፣ መንቁር አላቸው፤ አስኳሉን እንኳ ወደ ሆዳቸው ስበው ጨርሰዋል። ሽፋኑ ግን እንደ ወረቀት ደርቆ ላባቸው ላይ ተጣብቋል። ተገንዘው፣ መዞር አቅቷቸው፣ መንቁራቸውን ስንጥቁ ላይ እንደደገኑ ሞተዋል።

ወንድሜ ትሪውን አየና ፊቱ በራ። ሞተው ሲያይ ደስ አለው ብል አልዋሸሁም። ሽማግሎቹ ለሁለተኛው ቀን ግብዣ እንደተቀመጡ ተነሥቶ ቆመ። «አባቶቼ፣ እጇ ለዚህ ሥራ አልተባረከም። እኔ ዘንድ ትሂድ፤ ፍርዱን ስጡኝ።»

ትሪውን አምጥቼ ቆጮው አጠገብ አስቀመጥኩት። የመብላት ፍላጎታቸው ሲጠፋ አየሁ፤ ደስም አለኝ።

«አባባ» አልኳቸው ትልቁን፣ «ትናንት በሕይወት እያሉ መርቀዋቸዋል። ዛሬ ሞተዋል። እጄ ነው ያልተባረከ ወይስ ምርቃቱ ነው ያልደረሰ?»

ትልቁ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ጫጩቶቹን አዩ፣ ጓደኛቸውን አዩ፣ ወንድሜን አዩ። ክዳኑን ማን እንደከፈተው፣ ለምን ያህል ጊዜ ክፍት እንደቆየ የጠየቀኝ የለም፤ ማንም ስለ እርጥበት ግድ አልነበረውም። እዚያ ቤት ውስጥ ያስጨነቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የሽማግሌ ምርቃት ከሸፈ ተብሎ ገበያ ላይ እንዳይወራ።

«እኛ የመረቅነው እንቁላል አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ይህችን ልጅ ነው የመረቅነው። የተመረቀች ሴት ደግሞ ከአባቷ ቤት አትወጣም። ያልነውን ብለናል!»

ሁሉም እፎይ ብለው አጉረመረሙ፤ ልክ ነው፣ ልክ ነው። ወንድሜ ደሙ ፊቱ ላይ ወጥቶ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመ። እኔም ሳምኩ። ቤቴን አተረፍኩ። እውነቴን የሰማ ኖሮ ሳይሆን፣ ሽማግሎቹ ክብራቸውን ሲያድኑ እኔንም በጋቢያቸው ጠርዝ ይዘውኝ ወጡ። እንዲህ ያለ ፍርድ ያስጠላኛል፤ እምቢ ግን አልልም።

ትሪውን አንሥቼ በጓሮ ወጣሁ። እንሰቱ ሥር ጉድጓድ ቆፍሬ አንድ በአንድ አስገባኋቸው። ለእነሱ ማንም አልተከራከረላቸውም። ከውስጥ ወንድሜ፣ «እህቴ፣ ቆጮ አልቋል፣ ጨምሪልን!» ብሎ ተጣራ። ደግሞም ተጣራ። እኔ አፈሩን በእጄ እየመለስኩ ነበር።