አራት ሚሊሜትር

በደብረ ብርሃን መሥሪያ ቤቶች ካርታ ከሚነድፉት መካከል ነሲባ ረሺድ ብቸኛዋ ሴት ነበረች። የአልዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ናት፤ እጇ የማይንቀጠቀጥ፣ ንግግሯ ቁጥብ።

በ1974 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቷ ከአልዩ አምባ በታች ላለች አንዲት መንደር የምንጭ ውኃ በቧንቧ ሊያወርድ ተነሣ። ምንጩ የተመለከተው ከብዙ ዓመት በፊት በተሠራ ካርታ ላይ ነው። የቦታው ከፍታ ደግሞ በዝርዝር ያለው አዲስ በመጣው ላይ ነው። መሐንዲሱ አቶ ኃይለ ገብርኤል የምንጩን ቦታ የሚያመለክተውን የመስመር ቁጥር ከአሮጌው አነበቡና «አዲሱ ላይ አስቀምጪልኝ» አሏት። አስቀመጠች። ነጥቡ ከመንደሩ ቁልቁል፣ ገደሉ ሥር አረፈ።

አቶ ኃይለ ገብርኤል እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉ። «ውኃ ሽቅብ አይሄድ! መሳቢያ ሞተር የለን። ነገ እንዲሰረዝ እጽፋለሁ።»

ነሲባ ደነገጠች። መንደሯ የእናቷ የወይዘሮ ረሒማ የትውልድ ቦታ ናት። ነሲባም ልጅ ሳለች አያቶቿ ዘንድ እየሄደች ባዶ እንስራ አዝላ ዳገቱን ወጥታ፣ ከዚያው ምንጭ ሞልታ ቁልቁል ስትወርድ ኖራለች።

«ጓድ ኃይለ ገብርኤል፣ ምንጩ ከላይ ነው። አውቀዋለሁ።»

«እኔ የማምነው ወረቀቱን ነው» አሏት። በክፋት አልነበረም፤ ፈርመው የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው።

«እንግዲያው እስከ ነገ ይታገሡኝ። ከወረቀቱ ላይ አሳይዎታለሁ።»

ሁለቱን ካርታዎች ጎን ለጎን ዘረጋች። መጠናቸው አንድ ነው፣ በሁለቱም ላይ አንድ ሚሊሜትር የመሬት ሃምሳ ሜትር ነው፤ ሁለቱም ቁጥር በተሰጣቸው መስመሮች የተከፋፈሉ ናቸው። ምንጩን ለጊዜው ተወችውና በሁለቱም ላይ በግልጽ የሚታዩ፣ ማንም የማይክዳቸው ቦታዎች ፈለገች፦ የአንኮበር መድኃኔ ዓለም፣ የአልዩ አምባ መስጊድ፣ ሁለት ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ። የእያንዳንዱን ቁጥር ከአሮጌው አንብባ አዲሱ ላይ ነጥብ አደረገች። ቤተ ክርስቲያኑ ከቦታው ወደ ምሥራቅ አራት ሚሊሜትር ሸሸ። መስጊዱም ያንኑ ያህል። ወንዞቹም እንዲሁ።

ጠዋት መሐንዲሱን ጠራቻቸው። «በቁጥሩ ከሄድን መስጊዳችንም ገደል ገብቷል» አለች።

አቶ ኃይለ ገብርኤል ማስመሪያውን ተቀብለው በራሳቸው እጅ ደግመው ለኩ። ሌላ ቦታ፣ አንድ ድልድይ መረጡ፤ አሁንም አራት ሚሊሜትር።

«እና ቁጥሩ ስሕተት ነው?»

«ቁጥሩስ በየካርታው ልክ ነው። ሁለቱ መቁጠር የጀመሩበት ቦታ ነው የተለያየው። የአንዱን ቁጥር እንዳለ ለሌላው ከሰጠነው አይገጥምም፤ አራት ሚሊሜትር ወደ ምዕራብ መመለስ አለብን።»

መለሱት። በመሬት ላይ ሁለት መቶ ሜትር ማለት ነው፤ በዚያ ገደላማ አገር ደግሞ ሁለት መቶ ሜትር ሌላ ዓለም ነው። ምንጩ ከመንደሩ በላይ ተቀመጠ። በሳምንቱ እስከ አንኮበር በመኪና፣ ከዚያ በእግር ወርደው በመሣሪያ ሲለኩት ምንጩ ከመንደሩ በሠላሳ ስምንት ሜትር ከፍ ብሎ ተገኘ።

የገበሬ ማኅበሩ የቧንቧውን ቦይ ቆፈረ። በሚያዝያ 1975 ቧንቧው ሲከፈት መጀመሪያ ጭቃ ተፋ፣ ቀጥሎ ጠራ። የወረዳው ካድሬ ረጅም ንግግር አደረጉ። ሲጨርሱ አቶ ኃይለ ገብርኤል ሳይጠሩ ተነሡ።

«እኔ ይህን ሥራ ልሰርዘው ነበር» አሉ ሕዝቡ ፊት። «ያቆመችኝ ይህች ናት፤ የእናንተው ልጅ።»

ወይዘሮ ረሒማ እልልታቸውን አቀለጡት። «አልሐምዱሊላህ! የኔ ልጅ ናት! ስሙ፣ የኔ ልጅ ናት!» ነሲባ አንገቷን ልትደፋ አሰበች፤ ግን አልደፋችም። ቀና ብላ ቆመች፣ ፊቷ በርቶ።

ከተመለሰች በኋላ ዘዴውን በአንድ ገጽ ጽፋ ከአሮጌው ካርታ ጋር አያያዘችው። ማንም እንዲገለብጠው ፈቀደች። ክረምቱ ሳይገባ ከእነዋሪ ከተማ የመጣ አንድ ቀያሽ፣ የማይገጥሙ ሁለት ካርታዎች በብብቱ ይዞ፣ ቢሮው በር ላይ ቆሞ «ይህን ዘዴ የጻፉት የትኛው ናቸው?» ብሎ ጠየቀ።

ከወንዶቹ አንዱን እየተመለከተ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለችው። «ዘርጋቸው እስቲ።»