ፊት የሌላቸው የሻማ ሰዎች

ሮቤ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ሻማ እያቀለጥኩ ሰው መሥራት ጀመርኩ። ይህን ስናገር የሚሰማኝ ሁሉ ጠንቋይ ቤት የገባሁ ይመስለዋል። ነገሩ ጨዋታ ነው። አንድ ሰው ታሪክ ይተርካል፤ ሌሎቹ ጠረጴዛ ላይ ያቆሟቸውን ጣት የሚያካክሉ ምስሎች እያንቀሳቀሱ በታሪኩ ውስጥ ይጓዛሉ፣ ይዋጋሉ፣ ይሞታሉ። ፈረንጆቹ ምስሎቹን ከፕላስቲክ ሠርተው ይሸጧቸዋል። ባሌ ድረስ ማን ያመጣልናል? ስለዚህ ራሳችን ሠራናቸው።

እኛ የምለው አራት ሰዎችን ነው፦ እኔ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ሁለት መምህራን፣ እና የአከራዬ ልጅ። ጨዋታውን ያመጣው እሱ ነው። ከተማ ውስጥ ስልክ ይጠግናል፤ ዕድሜው ከእኔ በሁለት ዓመት ብቻ ያንሳል። ሕጉን ከስልኩ ላይ አንብቦ ግማሹን ጣለ፣ ግማሹን ደግሞ እንደሚመቸን አድርጎ ገጣጠመው። ሕጉ እየተጣለ ቁጥር የሚያወጣ፣ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ያስፈልጋል ይላል። እሱ ሃያ የለስላሳ ቆርኪ ሰብስቦ ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር ጻፈባቸውና አሮጌ ካልሲ ውስጥ ከተታቸው። እጅህን ሰደህ ትልቅ ቁጥር ካወጣህ ትተርፋለህ፤ ትንሽ ካወጣህ የራስህ ጉዳይ ነው።

የምንጫወተው እሁድ ከሰዓት በአባቱ መጋዘን ውስጥ ነበር። አባቱ ከሲናና ገበሬዎች ስንዴ የሚገዙ ነጋዴ ናቸው። ጆንያው እስከ ጣሪያ ተደርድሮ እኛ ጥግ ላይ በተረፈችው ቦታ እንቀመጣለን። ለምስሎቹ አጥንት የሚሆነው ከተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ የተፈታ ሽቦ ነው፤ እሱ ሱቅ ሞልቶ የሚጣል። ሽቦውን በሰው ቅርጽ አጥፈን፣ በስጎ ጣሳ በቀለጠ ሻማ ውስጥ እያስገባን እናወጣዋለን። በጠለቀ ቁጥር ሥጋ ያወጣል። የከሰል ዱቄት ከተጨመረበት ይጠቁራል። ከማዳበሪያ ጆንያ ክር መዝዘን ካባ እናለብሰዋለን፤ ከዚያ እግሩን ቆርኪ ላይ አጣብቀን እናቆመዋለን። ቴሌቪዥን የሚታሸግበት ነጭ ፎም ደግሞ የባሌ ተራሮች የሳነቴ አምባ ሆነልን።

በመጀመሪያው ሳምንት አባቱ ገብተው አንዱን ምስል አነሱት። ልጃቸው አስረዳቸው። አገላብጠው አዩትና፣ "ተጫወቱ። ፊት ግን አታድርጉላቸው" አሉ።

ልጁ ለእኔ ብሎ በአማርኛ አብራራው። ነፍስ ያለውን ነገር ምስል የሠራ ሰው በቂያማ ቀን፣ በፍርዱ ዕለት፣ "በል እስትንፋስ ስጠው" ይባላል። አይችልም፤ ባለመቻሉም ይቀጣል። ከዚያ ወደ አባቱ ዞሮ፣ "በዓለም ላይ የሌለ አውሬ ቢሆንስ? ለሱ ፊት ብንሠራለትስ?" አላቸው።

አባባ የምር አሰቡበት። "ያለው መች አነሰና" አሉ።

ሳቅን፤ ሕጉንም ጠበቅን። የእኛ ሰዎች በሙሉ የተሸፋፈኑ ወይም ፊታቸው ልሙጥ ነበር። እኔ ግን አልለመድኩትም። ያደግሁት ደብረ ማርቆስ አጠገብ ነው። በደብራችን ግድግዳ ላይ ጻድቃን ሁለት ዓይናቸውን አፍጥጠው ያዩሃል፤ በጎን ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ የሚተርፈው ክፉው ነው። ለእኔ ፊት የተነፈገ ሰው ተፈርዶበታል ማለት ነው። ልሙጦቹ ምስሎች የሚያስጨንቁኝ ስለሚያዩኝ ሳይሆን ስለማያዩኝ ነበር።

ልጁ ልቡን ይታመም ነበር። በልጅነቱ ቶንሲል ይመላለስበት ነበር፤ በጊዜው ሳይታከም ቀርቶ የልቡን ቫልቭ አበላሸው። ከግቢው በር እስከ መጋዘኑ ሲመጣ ሁለት ጊዜ ቆሞ ያርፋል። ስንጠብቀው እንዳናስታውቅበት ካልሲውን እንፈትሻለን፣ ፎሙን እናስተካክላለን። አዲስ አበባ ለቀዶ ጥገና ወረፋ ይዞ ነበር፤ አንድ ቀን ና ተባለ።

ከመሄዱ በፊት በነበረው እሁድ ታሪኩ ገደል ጫፍ ላይ አደረሰን። እሱ እጁን ካልሲው ውስጥ ሰደደና ሁለት ቁጥር የተጻፈበትን ቆርኪ አወጣ።

"ድገም" አልኩት። ሌሎቹም ድገም አሉት።

"ቆርኪ አይለመንም" አለና ምስሉን በገዛ እጁ አጋደመው። ሰውየው እንዲህ ነበር። ለራሱ ሲሆን እንኳ ማጭበርበር አያውቅም።

ያ የተጋደመ ምስል ዕረፍት ነሳኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሬን ዘግቼ አዲስ ሠራሁለት፤ ይህኛውን ግን ከነፊቱ፣ በራሱ በልጁ መልክ። በመርፌ ጫፍ ዓይኑን፣ ሰፋ ያለ አፉን፣ ከጭንቅላቱ ፈንገጥ ያለውን ግራ ጆሮውን አወጣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም፤ ኩራቴንም አልደብቅም።

በሚሄድበት ጠዋት ቦርሳውን አንግቶ በር ላይ ሳለ ሰጠሁት። ብዙ አየው። "ጆሮዬን እንኳ አልማርክልኝም" ብሎ ሳቀ። ከዚያ መለሰልኝ።

"ፊቱን አጥፋው፣ ኦቦሌሳ ኮ።" ወንድሜ ማለቱ ነው። "የሚጠየቀው የሠራው ሰው ነው። እስትንፋስ ከየት ታመጣለህ?"

ተናደድኩ። ለሕመምተኛ የለፋሁበትን ስጦታ እምነቱን ምክንያት አድርጎ የጣለብኝ መሰለኝ። "እሺ" አልኩት በጥርሴ። "ቃልህን ስጠኝ" አለ። ሰጠሁት።

የዚያኑ ዕለት መርፌውን በሻማ እሳት አግዬ ምስሉ ፊት ተቀመጥኩ። አልቻልኩም። እሱ አዲስ አበባ አልጋ ላይ ተኝቶ እኔ እዚህ ፊቱን ላቀልጥ? የተማርኩ ነኝ፣ የማስተምረው ፊዚክስ ነው፣ እጄ ግን እምቢ አለ። ምስሉን ብስኩት ጣሳ ውስጥ ደበቅሁት።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ደወለ። ድምፁ ሳስቷል። ቀዶ ጥገናው ተራዝሟል፣ ሳንባው ውኃ ቋጥሯል አለኝ። ከዚያ፣ "አጠፋኸው?" አለ።

"አጥፍቼዋለሁ" አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

"አልሐምዱሊላህ" አለ። ከልቡ ነበር። ከዚያ ስለ ሆስፒታሉ ሾርባ ያማልኝ ጀመር።

ተራው ሳይደርስ ሞተ። አስከሬኑ ጎህ ሲቀድ ሮቤ ገባ፤ ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ተቀበረ። መቃብሩ ላይ አፈር ስመልስ ስለ እሱ ሳይሆን ስለዚያ ጣሳ ነበር የማስበው፤ በዚህም ራሴን ጠላሁ።

በአምስተኛው ቀን፣ የለቀስተኛው ቁጥር ሲሳሳ፣ አባባ ወደ መጋዘኑ አስጠሩኝ። ከጆንያዎቹ አጠገብ ቆመው ነበር።

"መምህር፣ ልጄ አንድ ነገር ነግሮኛል" አሉ። "መምህሩ ፊቴን ሠርቶ ነበር፣ ስለምነው አጠፋው፣ በእኔ ሰበብ የሚጠየቅ ሰው የለም አለኝ። በመጨረሻው ቀን ነው ያለኝ። ደስ ብሎት ነበር። እውነት አጥፍተኸዋል?"

አዎ ብል ማን ያውቅብኝ ነበር?

"አላጠፋሁትም፣ አባባ።"

"እሱን ግን አጥፍቻለሁ አልከው።"

"አዎ።"

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "አምጣው" አሉ።

ከነጣሳው አመጣሁላቸው። ምስሉን አውጥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት። አንድ ጣታቸውን ወደ ጆሮው አስጠጉ፣ ግን አልነኩትም። "ኢልማ ኮ" አሉ፤ ልጄ ማለት ነው። ያን ያህል ኦሮምኛ አውቃለሁ። ከዚያ መልሰው እጄ ላይ አኖሩት።

"በራስህ እጅ" አሉ።

ወሩ ሐምሌ ነው፤ የሮቤ ሐምሌ ብርድ ደግሞ ሻማን ድንጋይ ያደርጋል። በአውራ ጣቴ ባሸው፣ በጥፍሬ ብፍቀው፣ ጉንጩ ብቻ ተላጠ፤ ዓይኑ እንዳለ ነው። አባባ ምስሉን ወሰዱብኝ። በሁለት መዳፋቸው መሃል ይዘው ወደ አፋቸው አስጠጉና እንዲሞቅ ተነፈሱበት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ በረጅሙ። ከዚያ መዳፋቸውን ከፍተው አዩት። እኔም አየሁ። ምን እንደጠበቅን አላውቅም።

"አሁን ለስልሷል" አሉና ሰጡኝ።

አውራ ጣቴን አሳረፍኩበት። ዓይኑ ሄደ፣ አፍንጫው ሄደ፣ አፉም ሄደ። ጆሮው ጋ ስደርስ አቆምኩና፣ ይህንንስ? ለማለት ቀና አልኩ። አባባ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ አንዱን ጆንያ ያስተካክሉ ነበር።