የባሕር ጨው ነው

ላቪንያ በደሴቲቱ አገር በቶንጋ ዋና ከተማ በኑኩአሎፋ በአንድ የቤት ዕቃ መደብር የደንበኞችን አቤቱታ ስትሰማ የምትውል፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። ልብስ ማጠቢያው በሁለት ወሩ ለቆመበትም፣ ምድጃው አልግል ላለውም መልሷ አንድ ነው፤ «የባሕር ጨው ገብቶበት ነው። ጨው ደግሞ ዋስትናው አይሸፍነውም።» አለቃዋ ያስጠናት ነው። ቶንጋ ላይ ጨው የማይደርስበት ቤት የት አለና! ይህን እንኳን እሷ፣ መደብሩ ደጃፍ የሚተኛው ውሻም ያውቀዋል። ሰዉ ግን ጨዋ ነው፤ አመስግኗት ይሄዳል።

አንድ ቀን አክስቷ ፉሲ ፍሪዘር በመኪና አስጭነው መጡ። የአባቷ እህት ናቸው፤ በቶንጋ ወግ በአባት እህት ፊት ድምፅ ከፍ አይደረግም፣ ቃላቸውም አይመለስም። ፍሪዘሩን የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች በእጃቸው የሠሩትን ምንጣፍ ሸጠው በጋራ ገዝተው፣ በአክስት ፉሲ ቤት ያስቀመጡት ነበር። ገና ዓመት ሳይሞላው ሞተና ለቤተ ክርስቲያኑ በዓል ያጠራቀሙት ዓሣ ሁሉ ሸቶ ተቀበረ። አክስት ፉሲ መደብሩን ሊያናውጡት ነው የመጡት።

ላቪንያ እውነቱን ታውቃለች። ከዚህኛው ጋር በአንድ ጭነት የመጡት ፍሪዘሮች በሙሉ ሞተራቸው እየተቃጠለ ተመልሰዋል። ነገር ግን አለቃዋ ከኋላዋ ቆሟል፤ የቤተሰቧ እንጀራ ደግሞ በእሷ ላይ ነው።

«አክስቴ፣ መስኮት አጠገብ ነበር እንዴ ያስቀመጡት?»

«አዎ፣ ነፋስ እንዲያገኘው ብዬ።»

«እንግዲያው ጨው ገብቶበታል።»

የአክስት ፉሲ ቁጣ ውሃ እንደፈሰሰበት እሳት ጠፋ። «እኔው ነኛ ያበላሸሁት» አሉ ቀስ ብለው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ለማንም አንገታቸውን ደፍተው የማያውቁት ሴትዮ ተነሥተው ቆሙ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በሉኝ ብለው በሴቶቹ ፊት አለቀሱ። ሴቶቹም አብረዋቸው አለቀሱ። ከዘማሪዎቹ መካከል የተቀመጠችው ላቪንያ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ልነሣ፣ ልናገር አለች፤ ግን አልተነሣችም።

ከጸሎት በኋላ ቤተ ዘመዱ ለምሳ ተሰበሰበ። የአሳማው ምርጥ ሥጋ እንደ ወጉ ለአክስት ፉሲ ቀረበ። እሳቸው ግን ሳህኑን አንሥተው ላቪንያ ፊት አስቀመጡት።

«ብይ ልጄ። አንቺ እውነቱን ባትነግሪኝ ኖሮ ያንን ምስኪን ነጋዴ ስረግመው እኖር ነበር።»

የአባት እህት የሰጡት አይመለስም። ላቪንያ ሁሉም እያያት በላች።