የራሴን ንፍሮ የበላሁበት ቀን

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ባል ሊጠይቀኝ መጣ። ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ድሬሰር ነው። እንደ ልማዱ ያንን ጥቁር የላስቲክ ማዳመጫውን ከአንገቱ አውርዶ ደረቴ ላይ አሳረፈና ዐይኑን ጨፍኖ ቆየ። «እማማ፣ ልብዎ ደህና ነው፤ ገና ያስኬድዎታል» አለኝ። «አንተ ሰማኸው እንጂ እኔ የት ሰማሁት?» ብለው ሳቀና ሁለቱን ጫፎች ከጆሮው አውጥቶ ጆሮዬ ውስጥ አደረገልኝ።

መጀመሪያ የሰማሁት የነጠላዬን መንኮሻኮሽ ነበር። ቀጥሎ ግን ራቅ ያለ ጎረቤት ገብስ ሲወቅጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። ሰማንያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሴት፣ የገዛ ልቤን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እንባዬ መጣ። ልጁ ደንግጦ «አመመዎት እንዴ?» ቢለኝ፣ «የለም ልጄ፣ ይህን ድምፅ ካንተ በፊት የሰሙት ሰው ትዝ ብለውኝ ነው» አልኩት። ቸኩሎ ስለነበር አላጫወትኩትም። እዚህ ልጻፈው። አባቴ ቄስ ነበርና ሴት ናት ብሎ ሳይንቀኝ ዳዊት አስደግሞኛል፤ እጄ ቢንቀጠቀጥም ፊደሉ አልጠፋኝም።

ነገሩ የሆነው አንኮበር ነው፤ የሸዋው ንጉሥ ከተማቸውን ወደ እንጦጦ ባዛወሩበት ሰሞን፣ ከብት ያለቀበት ክፉ ቀን ገና ሳይመጣ። ግማሹ ሰው ንጉሡን ተከትሎ ስለሄደ አገሩ ጭር ብሎ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከቆላው ይወጣና ቤቱን ሁሉ ያለብሰዋል፤ ጎረቤትሽን በድምፅ ካልሆነ አታውቂውም። እኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ባሌ ተሰማ ዲያቆን ነው፤ የተጋባነውም በቁርባን ነው። በቁርባን የተጋባን ሰው ከሞት በቀር የሚለየው የለም። ዲያቆን ደግሞ ሚስቱ ከሞተችበት ወይ ይመነኩሳል፣ ወይ ሌላ ያገባና ክህነቱን ያጣል። ተሰማ በዚያ ዓመት ጳጳሱ ዘንድ ሄዶ ቅስና ሊቀበል ስንቅ እያዘጋጀን ነበር።

የምንኖረው ከእናቱ ጋር ነው። አማቴ እትዬ ጥሩነሽ ይባላሉ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማርና፣ እጄ የነካው ነገር ሁሉ አይጥማቸውም ነበር። ወጡ ጨው አነሰው፣ ጠላው ቀጠነ፣ ፈትሉ ወፈረ። አንድ ቀን እንኳ «ጎሽ» ብለውኝ አያውቁም። እኔም ጎረምሳ ልብ ነበረኝና ማድቤት ገብቼ በሹክሹክታ እመልስላቸው ነበር።

መስከረም ሲያልቅ ከእሳቸው ጋር ጥጥ ልንገዛ ወደ አልዩ አምባ ገበያ ወረድን። ዝናብ እንዳባራ ቆላ ወርዶ ማደር ደግ እንዳልሆነ ሕፃንም ያውቃል። ሆኖም መልካሙ ጥጥ የመጣው ከመሸ ስለነበር አደርን። ስንመለስ ዳገቱን ወጥተን እሸት እየቀጠፍን፣ ባቄላውን እየፈለፈልን በደስታ ነው የገባነው። ከዚያ ንዳዱ ያዘኝ። አንድ ጊዜ ያንዘፈዝፈኛል፣ አንድ ጊዜ ያቃጥለኛል። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ሁሉም ነገር ጸጥ አለብኝ።

እኛ አገር ሰው ሞተ አልሞተ የሚለየው በጥጥ ነበር። አንዲት ቁራጭ ባዘቶ አፍንጫው ሥር ይያዝና ከተነቃነቀ አለ፣ ካልተነቃነቀ የለም። ያንኑ ከቆላ ያመጣነውን ጥጥ ያዙልኝ። አልተነቃነቀም። ተሰማ ሲጮኽ ሰማሁት።

አዎን፣ ሰማሁት። ዐይኔን መግለጥ፣ ጣቴን ማንሳት አልቻልኩም እንጂ ሁሉን እሰማ ነበር። ሌላ ቤት ተኝቼ የጎረቤቴን ወሬ በግድግዳ የማዳምጥ ይመስለኝ ነበር። የሚገርመኝ አለመፍራቴ ነው። ሴቶቹ ሲያጥቡኝ የውኃው ቅዝቃዜ ተሰማኝ። አማቴ «ኧረ ሰውነቷ ይሞቃል!» ሲሉ፣ ሴቶቹ «ኀዘን ነው እትዬ፣ እጅዎ ነው የሚሞቀው» ሲሏቸው ሰማሁ። ቀጥሎ እትዬ ጥሩነሽ ሙሾ አወጡ፦

ሙያሽን ሳልነግርሽ አንድም ቀን ደፍሬ፣
አስካለ ሄድሽብኝ ምን ይበጀኝ ዛሬ!

አስካለ ማለት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ መሳቅ ብችል እስቅ ነበር።

ግንዘቱን፣ የሬሳውን ጸሎት፣ የደገሙት የንስሐ አባታችን አባ ተድላ ናቸው። ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች፤ በወጉ መመንኮስ ነበረባቸው። እሳቸው ግን ጎረቤላ ከሚባለው መንደር አጠገብ ያለችውን ማሳቸውን እንደ ልጅ ይወዷት ነበርና በየዓመቱ «ገብሱ ይግባና እመነኩሳለሁ» ይላሉ። ገብሱ ይገባል፤ ደግሞ ይዘራል። ሰው ሁሉ «አባ፣ የዘንድሮውስ ገብስ እንዴት ነው?» እያለ ያሾፍባቸው ነበር። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

ገንዘውኝ፣ በሰሌን ጠቅልለው፣ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ጉዞ ሆነ። እንደ ሥርዓቱ ሬሳ በየምዕራፉ ይወርዳል፣ ጸሎት ይደረሳል፣ ደግሞ ይነሣል። ገደሉ አፋፍ ላይ ካለችው ጠባብ መንገድ ስንደርስ አወረዱኝ። ያን ጊዜ አንድ ፈረንጅ በበቅሎ ከወዲያ መጣ። አገሩ ፈረንጅን ሁሉ እንደሚጠራው «ሙሴ» ይለው ነበር። በንጉሡ ፈቃድ ቅጠል እየለቀመ በወረቀት መካከል የሚያደርቅ፣ ሕመምተኛም የሚያይ ሐኪም ነው። መንገዱ ለሁለት አይበቃምና ወርዶ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

አማቴ ከሴቶቹ መካከል ወጥተው የበቅሎውን ልጓም ጨመደዱት። «ሰውነቷ ይሞቃል! አንተ ሐኪም ከሆንክ እያት!» አሉ። ሰዉ አጉረመረመ። ግንዘት የተደገመበትን ሬሳ፣ ያውም ሃይማኖቱ የማይታወቅ ሰው ይነካዋል? ሁሉም አባ ተድላን ማየት ጀመረ ይባላል፤ ይህን እንኳ በኋላ የነገረኝ ተሰማ ነው። አባም መጽሐፉን ከደኑና ወደ አማቴ ዞሩ።

«የእናት እጅ ከጠረጠረ ይታይ። ሰሌኑን ፍቱት» አሉ።

ፈረንጁ ከኮሮጆው የእንጨት ቧንቧ አወጣ። አንዱን አፍ በከፈኑ ላይ ደረቴ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አደረገ። ልቅሶው ጸጥ እንዲል በእጁ ለመነ። ያን ያህል ሰው ዝም ብሎ አያውቅም፤ ከገደሉ ሥር የዝንጀሮ ጩኸት ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያ ቀና አለና ቧንቧውን ለአባ ተድላ ሰጣቸው። በተሰባበረ አማርኛው «አንተ ስማ» አላቸው።

አባ መጽሐፉን ለተሰማ አስይዘው ተንበረከኩ። የጥምጥማቸው ጫፍ አገጬን ሲነካኝ ታወቀኝ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፦

«ኧረ እግዚኦ! ቤቱ ውስጥ ሰው አለ!»

ሬሳ ሆኜ የወጣሁበትን ቤት በዚያው ቃሬዛ ተመልሼ ገባሁ። ፈረንጁ ኮሶን የሚያስንቅ መራራ ነጭ ዱቄት በውኃ በጥብጦ እንዲያጠጡኝ አዘዘ። አጥሚቱ፣ ማሩ፣ ጸሎቱ ተጨመረበት። ዐይኔን ስገልጥ መጀመሪያ ያየሁት እትዬ ጥሩነሽን ነው። ርቦኝ ነበር። ቤት ውስጥ ያለው እህል ደግሞ ለቀብሬ የተቀቀለው ንፍሮ ብቻ ነው። አማቴ ባቄላውን በጣታቸው እየላጡ አጎረሱኝ። «ጨው አነሰው» አልኳቸው። እሳቸው ሳቁና ዐይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፤ ከዚያ ቀን ወዲያ በመካከላችን ክፉ ነገር አልነበረም።

ሰው ይጎርፍ ጀመር። ሁሉም አንድ ጥያቄ ነው የያዘው፦ ወዲያ ማዶ ምን አየሽ? አንዳንዱ ገነትን እንድነግረው ይፈልጋል፤ አንዳንዱ የጎረቤቱን ሲኦል መግባት እንድመሰክርለት። በዚህ መካከል በክረምቱ ሕፃን ልጇን የቀበረች ደስታ የምትባል ጎረቤታችን መጣች። ሰው እስኪወጣ ጠበቀችና «ልጄን አየሽው?» አለችኝ። አየሁት ብላት ያን ቀን ታርፍ ነበር። ግን አላየሁም። «ደስቲዬ፣ ሩቅ አልሄድኩም፤ እዚሁ ደጃፉ ላይ ነበርኩ። እስከዚያ ድረስ ያለውን ግን ልንገርሽ። አያስፈራም። አያምም። ደግሞም የእናት ድምፅ ይሰማል» አልኳት። እግሬ ሥር ተደፍታ አለቀሰች፤ ስትሄድ ግን ቀና ብላ ነው የሄደችው።

የባሰው ገና አልመጣም ነበር። የደብሩ ካህናት መከሩ። ግንዘት በሕይወት ላለ ሰው የሚደገመው ሲመነኩስ ብቻ ነው፤ መነኩሴ ለዓለም ሞቷልና። የደብራችን አለቃ ደግ ሰው ቢሆኑም ሥርዓት አጥባቂ ነበሩ። «ግንዘት የተደገመበት ሰው ወይ ሬሳ ነው፣ ወይ መነኩሴ ነው። ሦስተኛ የለም። አስካለ ቆብ ትጫን» አሉ። እኔ ቆብ ጫንኩ ማለት ተሰማ ሚስቱ ሞተችበት ማለት ነው። ገና የተጋባን ነን። በዚያ ሰሞን ተሰማ እህል አልቀምስ አለ፤ ሌት ተቀን ጎኔ ቁጭ ብሎ እጄን ይይዛል። መቃብር ያልፈራሁ ሴት ቆብ ፈራሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ፊት ተሰበሰቡ። እኔ አማቴን ተደግፌ ዳር ተቀመጥኩ። ፈረንጁም ለምስክርነት ተጠርቶ መጥቷል። አለቃችን «ሞታ ነበር ወይስ አልሞተችም?» ብለው ጠየቁት። ልብ ካልቆመ ሞት የለም፣ የእሷ ልብ አልቆመም፣ ትንፋሿ ብቻ ቀጥኖ ነበር ሲል በእጁም በአፉም አስረዳ። ሰዉ ቅር አለው። ከሞት የተነሣች ሴት ያለችው አገር መሆን ደስ ብሎት ነበርና።

አባ ተድላ ተነሡ። «ሙሴ፣ እኔም ሰምቻለሁና ቃልህ እውነት ነው። እስቲ ንገረኝ፤ ልብ ሲቆም ያ ውስጥ ያለው ሰው ወዴት ይሄዳል?»

ፈረንጁ ቧንቧውን በእጁ እያገላበጠ አሰበ። «አላውቅም። ይህ አይሰማም» አለ።

«እኔ ደግሞ የሚሄድበትን ተምሬያለሁ፤ ለመንገድ የሚነሣበትን ሰዓት ግን አላወቅሁም። በጥጥ አምኜ ሳይነሣ ሸኘሁት» አሉ አባ። ወደ አለቃው ዞሩ። «አለቃ፣ መነኩሴ ሲመነኩስ ‹ትፈቅዳለህ ወይ?› ተብሎ ይጠየቃል። ይህችን ልጅ ማን ጠየቃት? ያልፈቀደችው አያስራትም።»

«ታዲያ የተደገመው ግንዘት ሜዳ ላይ ይውደቅ?» አሉ አለቃችን።

«አይወድቅም። ባለቤት አለው። እኔ መመንኮስ ከነበረብኝ ስንት ዘመኔ ነው? ስሕተቱም የእኔ፣ ግንዘቱም የእኔ ይሁን። እኔ ተጠይቄ እፈቅዳለሁ።»

አለቃችን መስቀላቸውን አንሥተው ወደ እኔ መጡ። ከዚያ «ይፍታሽ ልጄ» አሉኝ።

አባ ተድላ በማግስቱ ከቆላው አፋፍ ወዳለው የዋሻ ገዳም ወረዱ። ተሰማ ስንቃቸውን ተሸክሞ ሸኛቸው። ማሳቸውን አልፈው ሲሄዱ ቆም ብለው አንዱን ዛላ በእጃቸው አሹት፤ ከዚያ መንገዳቸውን ቀጠሉ አለኝ። ገብሱ ገና አልገባም ነበር። ተሰማ አጨደላቸው፤ እኔ ከጥቂቱ በሶ ፈጭቼ በቅቤ ለውሼ ወሰድኩላቸው። ቆባቸውን ደፍተው፣ ከስተው፣ ዐይናቸው ግን እንደ ድሮው እየሳቀ ተቀበሉኝ።

«ግንዘትሽን ወስጄልሻለሁ፤ በዓለም የቀረኝን ኑሮ ለአንቺ ትቼዋለሁ። በይ እንግዲህ ሕይወቱን አደራ። በደንብ ኑሪበት» አሉኝ።

ኖርኩበት። ተሰማ ቄስ ሆነ፤ ልጆች ወለድን፤ ክፉ ቀንንም አለፍን። አማቴን እኔው ነኝ የገነዝኳቸው፤ ገላቸው እስኪቀዘቅዝ ድረስ እጃቸውን አልለቀቅሁም። አባ ተድላ ያረፉት እዚያው ዋሻ ውስጥ ነው። ብቻቸውን ስለነበሩ ልባቸውን በቧንቧ ያዳመጠላቸው የለም። የፈረንጁን መጨረሻ አላውቅም፤ ስሙን ግን በጸሎቴ አልዘነጋም፤ እግዚአብሔር ሙሴ ብዬ ስጠራው ያውቀዋል።

ዛሬ ድሬሰሩን በማለዳ አስጠርቼ ነገርኩት። «ጊዜዬ ሲደርስ ጥጥ አላምንም፤ መጀመሪያ አንተ አዳምጥ። ደጋግመህ አዳምጥ። ዝም ካለ በኋላ ቄሱ ይግባና ይድገም፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእሱ ነው። ንፍሮውንም ጨው አታሳንሱ» አልኩት። «ኧረ እማማ፣ ይህን ምን አመጣው?» ብሎ ተቆጣኝ። ወጣት ነው፤ አይፈረድበትም። እኔ ግን ቅር ያለኝ ነገር የለም። በዚያን ጊዜ ማንም ሳይጠይቀኝ ነበር የሸኙኝ። አሁን ቢጠይቁኝ፣ የአባ ተድላን ሕይወት ጠግቤ ኖሬአለሁና፣ እፈቅዳለሁ።