ጠማማ ሚሳኤል አይቼ አላውቅም

ዛሬ ምሳ ሰዓት ቴሌቪዥን ላይ አጣና አየሁ። ሰውየው ሚሳኤል ነው አለ።

ላምበረት አጠገብ አጣና ስሸጥ ሃያ ዓመቴ ነው። እንግዲህ ይህን ሁሉ ዘመን በአጣና ስም ግብር እየከፈልኩ ሚሳኤል ስቸበችብ ኖሬአለሁ ማለት ነው።

ምግብ ቤት ተቀምጠን ነው። ትናንት ጠረፍ ላይ ያለችውን ከተማ የደበደበው ጦር ቃል አቀባይ ከሰማይ የተነሳ ፎቶ አምጥቶ፣ በቀይ ከብቦ፣ "የሚሳኤል መጋዘን" ይላል።

አብራኝ የምትሸጠው ዘነበች ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠች። ወንድሟ እዚያች ከተማ አጣና ነጋዴ ነው። ከትናንት ጀምሮ ስልኩ አይነሳም።

"የሱ ግቢ ነው፤ ሰማያዊ በሩን አወቅሁት" አለች።

ጎናችን የሚበሉ አንድ ጡረታ የወጡ ወታደር ሳቁብን። "እናንተ ደግሞ ስለ ጦር መሣሪያ ምን ታውቃላችሁ?"

"ምንም አላውቅም ጋሼ። ግን አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ ያኛው ደግሞ ጎብጧል። እንዲደርቅ ግድግዳ አስደግፈውታል። ሚሳኤል ይደርቃል እንዴ?"

ጋሼ መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አዩ። ከዚያ ለዘነበች ቀስ ብለው፣ "እስቲ ስልኩን ደግመሽ ሞክሪ፣ ልጄ" አሏት።

አስር ሰዓት ላይ ስልኩ ተነሳ። ወንድሟ ደህና ነው፣ ግቢው ሲደበደብ ገበያ ወጥቶ ነበር። ሽማግሌው ዘበኛው ግን ግቢው ውስጥ ነበሩ።

እኔም ማምሻውን ቆርቆሮ ላይ በነጭ ቀለም "አጣና ነው" ብዬ ጽፌ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጌ ክምሩ ላይ አሰርኩት። ጎረቤቶቼ ሲስቁብኝ አመሹ።

የእናንተስ ግቢ? ከላይ ሲታይ ሌላ ነገር የሚመስል ምን አላችሁ? ጻፉልኝ፣ ቀለም ተርፎኛል።