እኔም ብሆን አትቁም

ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ሰፈር፣ የጭነት መኪና በሚቆምበት ሜዳ ላይ ብቅ ስል «መሐንዲሱ መጣ!» ይሉኛል። የሰው ጭነት ገመድ ጎተት ሳላደርግ ማለፍ ስለማልችል ነው። የአንዱ ሸራ ላልቷል እላለሁ፣ የሌላው ጆንያ ወደ ግራ አጋድሏል እላለሁ። ይስቁብኛል፤ ስቀው ሲጨርሱ ግን ያጠብቃሉ። መንገድ ላይ ደግሞ የራሳችን ምልክት አለን። ከፊት ለፊት የሚመጣው መኪና ጭነቱ ካዘነበለ መብራት ሁለት ሦስት ጊዜ ብልጭ እናደርግለትና መዳፋችንን በመስኮት አውጥተን ወዳዘነበለበት በኩል እናጋድላለን። ያየ ሹፌር ዳር ይይዛል፣ ወርዶ ያስራል፣ ይሄዳል። ብዙ ነገር በማይሠራበት መንገድ ላይ ይህ ይሠራል እያልኩ እኩራራ ነበር።

ከባድ መኪና ካስተማርኳቸው ሹፌሮች አንዱን እንደ ታናሽ ወንድሜ ነው የማየው። ጋምቤላ ሲመጣ ባጃጅ ነጂ ነበር፤ አሁን የሁለት ልጆች አባት ነው። ማርሽና ፍሬን በቶሎ ገባው። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር። በዚያ ሰሞን ወደ አቦቦ በሚወስደው መንገድ ዘራፊዎች አንድ ሹፌር ይዘው፣ እሱኑ አስፋልት ላይ አቁመው፣ እጁን እያስወዛወዙ ሌላውን አስቆሙበት ተብሎ ይወራ ነበር። እውነት ይሁን ውሸት እንጃ፤ ፈርተን ነበር።

«ስማኝ» አልኩት፤ «እዚህ መንገድ ላይ እጁን ላወዛወዘልህ ሁሉ እንዳትቆም። የምታውቀው ሰው ቢሆንም አትቁም።»

«አንተም ብትሆን ጋሼ?» ብሎ ሳቀ።

«እኔም ብሆን! አትሳቅ። ነዳጅ ስጥና እለፍ። ፖሊስ ያለበት ስትደርስ ያኔ ትናገርልኛለህ።»

ሦስቴ አስደገምኩት። የማልይዘው ነገር የለም፣ የያዝኩትንም አልለቅም፤ አመሌ ነው።

አምና ዝናቡ ሲያባራ ከአቦቦ በቆሎ ጭኜ ወደ ከተማ ስመለስ፣ የጀዊን የስደተኞች ካምፕ አልፌ ጥቂት እንደሄድኩ የኋላ ጎማዬ ፈነዳ። ብቻዬን ነበርኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ክሪክ አስገብቼ፣ ጎማውን ፈትቼ፣ ላቤን እየጠረግሁ ቀና ስል ከከተማው በኩል መኪና ሲመጣ አየሁ። የእሱ መኪና ነው። ለካምፑ መጠለያ የሚሆን አጣና እስከ አፉ ጭኗል። ደስ አለኝ፤ ጎማውን ያግዘኛል ብዬ። ወዲያው ግን ከኋላው የተበጠሰ ገመድ አስፋልቱን እየገረፈ ሲከተለው አየሁ። አጣናው ከመኪናው የጎን ስፖንዳ በላይ ወደ ቀኝ ወጥቷል። በቀኝ በኩል ደግሞ የመንገዱ ዳር ነው፤ በዚያ ሰዓት የካምፑ ሴቶች ማገዶ ተሸክመው በዚያ ዳር ነው የሚመለሱት። ከአፍታ በፊት እኔው ራሴ ክላክስ እየነፋሁ አልፌያቸዋለሁ።

መሃል መንገድ ገባሁ። ሁለት እጄን አነሳሁ፣ ወደ ቀኙ አጋደልኩ፣ ደግሜ አጋደልኩ። አልቀነሰም። ሸሚዜን አውልቄ አውለበለብኩ። «ገመድ! ገመድህ!» እያልኩ ጮህኩ። ሲቃረብ ዓይን ለዓይን ተያየን። በደንብ አይቶኛል፤ ፊቱ ልውጥውጥ አለ። ከዚያ መኪናው አጓራ፣ ፍጥነት ጨመረ፣ እኔም ዘልዬ ዳር ወጣሁ። የአጣናው ጫፍ በአጠገቤ ሲያልፍ ነፋሱ ተሰማኝ።

ጋቢናዬ ውስጥ ገብቼ መብራት ባበራለት ኖሮ ይገባው ነበር። መብራቱ ትዝ ያለኝ ካለፈ በኋላ ነው። ለሌላው ሁሉ ምክር የማድል ሰው፣ ራሴ ግን ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው የምነቃው። ስልክ ሞከርኩ፣ ኔትወርክ የለም። መኪናዬ አንድ እግሩ ወልቆ ክሪክ ላይ ቆሟል። ስለዚህ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ቦርጬ፣ ራቁት ደረቴን በአስፋልቱ ላይ መሮጥ ጀመርኩ። የጭነት መኪና በእግር የሚደርስበት ሰው የት ይገኛል? እንደማልደርስ እያወቅሁ ነው የሮጥኩት።

ከፊቴ ካለው ኩርባ ወዲያ አጣናው ሲናድ ድምፁን ሰማሁ።

ስደርስ አጣናው ከመንገዱ እስከ ሣሩ ተበትኗል፤ መኪናው ወደፊት ቆሟል። ሰዎች እንጨቱን አንድ በአንድ እያነሱ ነው፤ እኔም ገብቼ አነሳሁ። ከሥር አንዲት ሴት ነበረች። በማላውቀው ቋንቋዋ ደጋግማ አንድ ነገር ትለኛለች። እዚህ አገር ስንት ዓመት ኖሬ «አይዞሽ» የሚለውን እንኳ በቋንቋዋ አላውቅም። በአማርኛ አልኳት። ከራሷ ላይ የወደቀው ማገዶ አጠገቧ ነበር፤ በልጥ ጥብቅ አድርጋ አስራዋለች፣ አንድ እንጨት አልወጣለትም። ነፍሷ እንደተረፈ፣ አንድ እግሯ ግን እንዳልተረፈ የሰማሁት በኋላ ነው።

መኪና መጥቶ ሲወስዳት ዞር ስል እሱ ከኋላዬ ቆሟል። ሲያየኝ ተንደርድሮ አቀፈኝ። ትከሻዬን፣ ደረቴን፣ ጀርባዬን ይዳብሳል፤ የተመታ ቦታ ይፈልጋል።

«ለቀቁህ ጋሼ? አልጎዱህም? ሸሚዝህንስ ወሰዱት? ካምፑ ጋ ላሉት ፖሊሶች ልናገርልህ እየበረርኩ እኮ ነው...»

«ማንም አልያዘኝም» አልኩት። ከዚያ በእጄ አሳየሁት፤ መኪናው ሥር የተጎተተውን ገመድ።

ገመዱን አየ። አጣናውን አየ። ማገዶውን አየ። እጆቹ ከትከሻዬ ላይ ወረዱ።

«እኔም ብሆን ብለኸኝ ነበር እኮ» አለኝ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው አንገቱን ደፍቶ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።